ሳይፈለግ የሚወለደው አሴቶን

በ2010 ዓለም 6.7 ሚሊዮን ቶን ያህል አሴቶን አመረተች። አብዛኛው የተመረተው ግን አሴቶን ፈላጊ ስለበዛ አልነበረም፤ ፌኖል የሚባል ሌላ ኬሚካል ፈላጊ ስለነበረው እንጂ። ፌኖል ሲመረት አሴቶን አብሮ ይወጣል፤ ፋብሪካው ወደደም ጠላም ይወጣል። ስለዚህ የአሴቶንን ዋጋ የሚከታተል ነጋዴ ጠዋት ተነሥቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፌኖል ነው። ነገሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። ይህ ፈሳሽ ገበያ ላይ ከዋለ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ለራሱ ተፈልጎ የተመረተባቸው ዓመታት ግን ጥቂት ናቸው። ቀድሞ ከእንጨት ከሰል ጋር ተወለደ፣ ቀጥሎ ከቡታኖል ጋር ተወለደ፣ አሁን ደግሞ ከፌኖል ጋር ይወለዳል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንባቢ አሴቶንን የሚያውቀው ምናልባት ከውበት ሳሎን ነው፤ የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቀው፣ አፍንጫ የሚሰነፍጠው፣ እጅ ላይ ሲፈስ ቀዝቅዞ ወዲያው የሚጠፋው ፈሳሽ። በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ በቀላሉ እሳት ይይዛል። ለኢንዱስትሪ ተፈላጊ ያደረገው ጠባዩ ግን ሌላ ነው፤ ከውሃ ጋርም ከዘይት ጋርም ይስማማል። ሙጫውን፣ ቀለሙን፣ ብዙ ዓይነት ፕላስቲክ ሁሉ ያሟሟል፤ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ተንኖ ይሄዳል፤ የሚተወው ቅሪት የለም ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው የንግድ አሴቶን ከጫካ የመጣ ነው። እንጨት አየር በማይገባው የብረት ጋን ውስጥ ሲሞቅ አይነድም፤ ከሰል ይሆናል። የሚወጣው ጭስ በቀዝቃዛ ቧንቧ ሲያልፍ ደግሞ ጠቆር ያለ፣ አቼቶ አቼቶ የሚል ጎምዛዛ ፈሳሽ ይንጠባጠባል። በዚህ ፈሳሽ ላይ ኖራ ሲጨመርበት ግራጫ ጨው ይሰጣል። ጨው ደርቆ እንደገና በኃይል ሲሞቅ አሴቶን ይወጣል። መንገዱ ረጅም፣ ውጤቱም ትንሽ ነበር፤ አንድ ቶን አሴቶን ለማግኘት ከ80 እስከ 100 ቶን የሚደርስ የበርች፣ የቢች ወይም የሜፕል እንጨት ያስፈልግ ነበር። ይህን ያህል ጫካ ለአሴቶን ብቻ የሚያወድም ነጋዴ አልነበረም። ወጪውን የሚሸፍነው ከሰሉ ነበር፤ ብረት አቅላጮች ይገዙታል፤ ከጎኑም የእንጨት አልኮልና አቼቶ አሲድ ይሸጣሉ። ደናቸው ሰፊ የነበረው አሜሪካና የኦስትሪያ ግዛት በዚህ ንግድ ገነኑ። ደኗን አስቀድማ የጨረሰችው እንግሊዝ ደግሞ ከእነሱ ትገዛ ነበር።

በዚያ ዘመን ከፈሳሹ ሰላማዊ ሥራዎች አንዱ ዛሬም በየብየዳ ቤቱ አለ፤ ግን ዓይን አያየውም። አሲትሊን የሚባለው ጋዝ ብቻውን በግፊት ከታጨቀ ይፈነዳል። በ1890ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳውያኑ ጆርጅ ክሎድና አልበር ሄስ ጋዙ በአሴቶን ውስጥ በብዛት እንደሚሟሟና እንደሚረጋጋ አሳዩ፤ አንድ ሊትር አሴቶን በተራ የአየር ግፊት እንኳ 25 ሊትር ያህል አሲትሊን ይውጣል፣ ግፊቱ ሲጨምር ደግሞ መጠኑ አብሮ ይጨምራል። ስዊድናዊው ጉስታፍ ዳሌን ሲሊንደሩን ቀዳዳማ በሆነ ደረቅ ነገር ሞልቶ፣ አሴቶኑን በዚያ አስርጎ፣ ጋዙን በሰላም ከቦታ ቦታ የሚጓዝ ዕቃ አደረገው። በዚህ ጋዝ የሚበሩ፣ ሰው ሳይጠብቃቸው የሚሠሩ የባሕር መብራቶችንም ሠራ። በ1912 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመ፤ በዚያው ዓመት በአንድ ሙከራ ላይ በደረሰ ፍንዳታ ሁለት ዓይኖቹን አጣ። ዛሬ አንድ በያጅ የአሲትሊን ሲሊንደር አስተኝቶ እንዳይጠቀም የሚከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሲሊንደሩ ከተጋደመ አሴቶኑ ከጋዙ ጋር አብሮ ይወጣል።

ለአሴቶን ትልቁን ገበያ የከፈተለት ግን ባሩድ ነው። የጥንቱ ጥቁር ባሩድ ጭሱ ከባድ ነበር። በአድዋ ዘመን ብዙ ኢትዮጵያውያን የታጠቁት ውጅግራ በዚያው በጥቁር ባሩድ የሚተኩስ ነበር፤ አንድ ጥይት ሲተኮስ ተኳሹ ያለበት ቦታ በጭሱ ይታወቃል። በ1884 ፈረንሳዊው ፖል ቪዬል ጭስ አልባ ባሩድ ሠራ፤ ጎረቤቶቹ መንግሥታት ሁሉ እሱን ለመከተል ተሯሯጡ። በእንግሊዝ ፍሬደሪክ ኤብልና ጄምስ ዲዋር በ1889 ኮርዳይትን አወጡ። የመጀመሪያው ኮርዳይት 58 በመቶ ናይትሮግሊሰሪን፣ 37 በመቶ በአሲድ የታከመ ጥጥና 5 በመቶ ቫዝሊን ነበር። ሦስቱ ተዋህደው ሊጥ የሚሆኑት አሴቶን ሲጨመርበት ነው። ሊጡ በጠባብ ቀዳዳ ተገፍቶ በገመድ መልክ ይወጣል፤ አሴቶኑ ተንኖ ሲያልቅ ደረቅ ባሩድ ይቀራል። አልፍሬድ ኖቤል የእኔን ፈጠራ ነው የወሰዱት ብሎ ከሰሰ፤ በ1895 ክሱ ውድቅ ሆነበት።

እንግዲህ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል፣ በወቅቱ የዓለም ትልቁ፣ መድፎቹን የሚያጎርሰው ከሌላ አገር ደን በሚመጣ ፈሳሽ ሆነ። መንግሥት ነገሩ ሳያሳስበው አልቀረም፤ በ1913 እዚያው እንግሊዝ በሚገኘው በዲን ደን ውስጥ አንድ የእንጨት አሴቶን ፋብሪካ አቆመ። የዲን ደን ግን የአሜሪካዋን የሚቺጋንን ደን ያህል አይደለም። በነሐሴ 1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ለጦሩ የተቀመጠው የአሴቶን ክምችት 3,200 ቶን ነበር። በሚቀጥለው የፀደይ ወቅት በፈረንሳይ ግንባር የመድፍ ጥይት እጥረት የፖለቲካ ቀውስ ሆነ፤ ቀውሱ መንግሥት አናወጠ፤ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ለሆነው ለሎይድ ጆርጅም አዲስ የጦር መሣሪያ ሚኒስቴር ወለደ።

በዚህ መካከል በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የሚያስተምር፣ በ1874 ዛሬ ቤላሩስ በምትባለው አገር ሞታል በተባለች መንደር የተወለደ ኻይም ዋይዝማን የሚባል ሰው ነበር። እንግሊዝ የገባው በ1904 ነው። ስሙ በሁለት ነገር ይነሣል፤ ለአይሁዶች አገር በሚታገለው በጽዮናውያን እንቅስቃሴና በላቦራቶሪ ሥራ። ዋይዝማን አሴቶን ፍለጋ አልወጣም። ከ1910 አካባቢ ጀምሮ የፈለገው ጎማ ነበር። የተፈጥሮ ጎማ ዋጋ ሰማይ በነካበት በዚያን ጊዜ አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ፣ የማንቸስተሩ ፕሮፌሰር ዊልያም ፐርኪንና የፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ተባብረው ሰው ሠራሽ ጎማ ለመሥራት ተነሥተው ነበር። ለጎማው መነሻ ቡታኖል የሚባለው አልኮል ያስፈልጋል። ቡታኖልን ከስታርች የሚያወጣ ባክቴሪያ ፍለጋ ተጀመረ። ዋይዝማን ከባልደረቦቹ ጋር በ1912 ተጣልቶ ተለያየ፤ ፍለጋውን ግን ብቻውን ቀጠለ፤ የተዋጣለት ባክቴሪያም አገኘ። እርሾ ስኳርን ወደ አልኮል እንደሚለውጥ ሁሉ ይህ ባክቴሪያ የበቆሎን ስታርች ወደ ሦስት ፈሳሾች ይለውጣል። መጠናቸውም ሦስት እጅ አሴቶን፣ ስድስት እጅ ቡታኖልና አንድ እጅ ተራ አልኮል ነው። ባክቴሪያው ክሎስትሪድየም አሲቶቡቲሊከም የተባለው ዘግይቶ ነው።

ጎማው አልሆነም። የጎማው ዋጋ ወረደ፤ የሚፈለገው ቡታኖል ፈላጊ አጣ። ያልተፈለገው አሴቶን ግን በድንገት የጦር ዕቃ ሆነ።

በ1915 የኖቤል ባሩድ ኩባንያ ሰዎች ማንቸስተር መጥተው ሥራውን አዩ፤ ወሬውም ለባሕር ኃይል ደረሰ። የፈጠራው መብት በመጋቢት 1915 ተመዘገበ። ዋይዝማን በትዝታ መጽሐፉ እንዳሰፈረው የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችል አስጠርቶ የጠየቀው 30,000 ቶን አሴቶን ነበር። ሰውየው እስከዚያ ቀን ድረስ አሴቶን ያወጣው በላቦራቶሪ ብርጭቆ ነው። ለሙከራ የተሰጠው ምሥራቅ ለንደን ብሮምሊ ባይ ቦው የሚገኝ የኒኮልሰን ጂን ፋብሪካ ሲሆን፣ ምርምሩን የሚመራበትም የሊስተር ኢንስቲትዩት ላቦራቶሪ ተፈቀደለት። ችግሩ የመጠን ብቻ አልነበረም። ጂን ጠማቂ እርሾው ኃይለኛ ስለሆነ ትንሽ ቆሻሻ ቢገባበት አይጨነቅም። የዋይዝማን ባክቴሪያ ግን አየር አይወድም፤ ሌላ ተሕዋስ ከተቀላቀለበትም ተሸንፎ ጋኑ በሙሉ ይበላሻል። ጋን፣ ቧንቧ፣ ማዘጊያ ሁሉ በእንፋሎት መቀቀል ነበረበት። ይህን ያህል ንጽሕና የሚጠይቅ ጥመቃ በኢንዱስትሪ መጠን ከዚያ በፊት የሞከረው የለም ማለት ይቻላል፤ የዋይዝማን እውነተኛ ሥራ ባክቴሪያውን ማግኘቱ ሳይሆን ይህን ማሳካቱ ይመስላል።

በዶርሴት ሆልተን ሂዝ የባሕር ኃይሉ አዲስ ኮርዳይት ፋብሪካ ከነአሴቶን ክፍሉ ተሠራ። በኖርፎክ ኪንግስ ሊን ከተማ የነበረውንና ከድንች አሴቶን ለማውጣት ሲታገል የቆየውን ሌላ ፋብሪካ መንግሥት በ1916 ወሰደው። ይሁንና ሁለቱም የሚበሉት ከባሕር ማዶ የሚመጣ በቆሎ ነው። በ1917 የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የእህል መርከቦችን ማስጠም ሲያበዙ ጥያቄው ግልጽ ሆነ፤ በቆሎው ለዳቦ ነው ወይስ ለባሩድ?

መልሱ ለሰሚው ግራ ነበር። መንግሥት ሕፃናትን ኮንከር ልቀሙልን አለ። ኮንከር ቡናማ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ሰው የማይበላው የዛፍ ፍሬ ነው፤ የእንግሊዝ ልጆች በክር ሰክተው እርስ በእርስ እያጋጩ ይጫወቱበታል። ስታርች አለው። በ1917 መኸር በመላ አገሪቱ በየትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ለለቀመም ክፍያ ተቆረጠለት። ፍሬው ለምን እንደተፈለገ ግን አልተነገረም፤ ጠላት ሰምቶ እንዳይኮርጅ ተፈርቶ ነው። ልጆቹ ለምን ብለው አልጠየቁም፤ ለቀሙ። ከሚጠበቀው በላይ ለቀሙ። ባቡሩ ግን ወታደርና ጥይት እያመላለሰ ለኮንከር ቦታ አልነበረውም፤ በየጣቢያው የተከመረው ፍሬ ብዙው እዚያው በሰበሰ። ኪንግስ ሊን የደረሰው ወደ 3,000 ቶን ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ለአሴቶን የሚመች ስታርች አልሆነም፤ በ1918 የተጀመረው ሥራ በጥቂት ወራት ውስጥ ቆመ። ታሪኩ በእንግሊዝ ዛሬም ፈገግ እያሰኘ ይነገራል፤ ኮንከር ጦርነቱን አሸነፈ የሚሉም አሉ። ሂሳቡን ላየ ግን ኮንከር የባከነ ድካም ነበር።

እውነተኛው መፍትሔ የተገኘው በቆሎውን ወደ ፋብሪካው ከማምጣት ፋብሪካውን ወደ በቆሎው በመውሰድ ነው። ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ ጉደርሃም ኤንድ ዎርትስ የሚባለው የውስኪ ፋብሪካ ከ1916 ጀምሮ ወደ አሴቶን ጥመቃ ተዛወረ። (ግቢው ዛሬ ቡና ቤትና የሥዕል ማሳያ የሞላበት የቱሪስት ሰፈር ነው።) አሜሪካ ጦርነቱን ስትቀላቀል ደግሞ በኢንዲያና ግዛት ቴሪ ሆት ከተማ፣ በበቆሎ አገር መሐል፣ ሁለት አረቄ ፋብሪካዎች ለዚሁ ተገዙ።

እዚህ ላይ እንግሊዝ በፍልስጤም ለአይሁዶች ብሔራዊ ቤት እንዲቆም ድጋፏን ስለገለጸችበት ስለ ባልፎር መግለጫ የሚወራውን ማንሳት ግድ ነው። ሎይድ ጆርጅ በ1930ዎቹ ባሳተመው የጦርነት ትዝታው፣ ዋይዝማን ለአሴቶኑ ምን ሽልማት እንደሚፈልግ ሲጠይቀው ለራሴ ምንም፣ ለሕዝቤ ግን አገር አለኝ፤ በኅዳር 1917 የወጣው መግለጫም ከዚያ የመነጨ ነው ይላል። ለተረት የተመቸ ታሪክ ነው፤ ስለተመቸም ተሰራጨ። ዋይዝማን ራሱ በትዝታው አልተቀበለውም፤ ታሪክ በአላዲን መብራት አይሠራም የሚል ስሜት ነበረው። ቀኑን ለቆጠረም አይገጥምም፤ ዋይዝማን ከሎይድ ጆርጅ ጋር የተዋወቀው አሴቶን ከመምጣቱ በፊት፣ የማንቸስተር ጋርዲያን አዘጋጅ በሆነው በሲ. ፒ. ስኮት በኩል፣ በዚሁ በጽዮናውያን ጉዳይ ነው። የስዊዝ ቦይ፣ የአሜሪካና የሩሲያ አይሁዶች ድጋፍ፣ ከፈረንሳይ ጋር የነበረው ፉክክር በ1917 ከአንድ ፈሳሽ ይልቅ ክብደት ነበራቸው። ዋይዝማን ለፈጠራው የተሰጠው ገንዘብ 10,000 ፓውንድ ነው። አሴቶን የሰጠው ትልቁ ነገር ለንደን ውስጥ በሚኒስትሮች ደጅ የሚያስገባ ምክንያት ነበር፤ ያ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሴቶኑ ብሪታንያን ከሽንፈት አዳነ የሚለውም እንዲሁ መለኪያ ያስፈልገዋል። የጦሩ ኬሚስቶች ጥጡን በቀላሉ አክመው፣ በአሴቶን ፈንታ በኤተርና በአልኮል የሚዋሃድ ሌላ ዓይነት ኮርዳይት አውጥተው ነበር። በስኮትላንድ ድንበር ግሬትና ላይ የተሠራው፣ ከ10,000 በላይ ሴቶች የሠሩበት ግዙፍ ፋብሪካ የሚያወጣው ይህንኑ ነው። አሴቶን የግድ ያስፈለገው ከሁሉ በላይ ለባሕር ኃይሉ ነበር። ባሕር ኃይሉ የኮርዳይቱ ዓይነት ቢቀየር የመድፎቹን የማነጣጠሪያ ስሌት እንደገና ሊሠራ ሆነ፤ ያን አልፈለገም።

ዋይዝማን በዛሬዋ እስራኤል ሬሖቦት ከተማ ላይ በ1934 የምርምር ተቋም መሠረተ፤ በ1949 የእስራኤል የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ተቋሙም በዚያው ዓመት በስሙ ተጠራ።

ወደ ቴሪ ሆት እንመለስ። ጦርነቱ ሲያበቃ አሴቶን ገበያ አጣ። ፋብሪካው ውስጥ ግን ሌላ ጣጣ ተጠራቅሞ ነበር። ለእያንዳንዱ ቶን አሴቶን ሁለት ቶን ቡታኖል ወጥቷል፤ ጠላ ጠማቂ አተላውን ለከብት ይሰጣል፣ ለቡታኖል ግን ከብት እንኳ አልተገኘለትም። በትላልቅ ጋኖች ውስጥ ተቀመጠ። ከጦርነቱ በኋላ የተቋቋመው ኮሜርሻል ሶልቬንትስ ኮርፖሬሽን ፋብሪካውንና የዋይዝማንን መብት የያዘው ይህ የተጠራቀመ ነገር አንድ ቀን ዋጋ ያወጣል ብሎ ነው።

ዋጋ ያወጣለትን ነገር ማንም አስቀድሞ አላየውም። አሜሪካ በ1920 አልኮል ከለከለች። አረቄ ፋብሪካዎች ሲዘጉ ከጥመቃው ዝቃጭ የሚገኘው አሚል አልኮልም አብሮ ጠፋ፤ ለቀለምና ለቫርኒሽ ሠሪዎች ምርጥ አሟሚ የሚሰጣቸው እሱ ነበር። በዚያው ሰሞን ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኬሚስቶች ዱኮ የተባለ አዲስ የመኪና ቀለም ላይ ይሠሩ ነበር። መነሻው ያው ለባሩድ የሚውለው በአሲድ የታከመ ጥጥ ነው፤ ዱፖንት ከጦርነቱ የተረፈ የባሩድ ፋብሪካ ሞልቶታል። ጥጡ በአሴቶን ይሟሟል፤ ግን አሴቶን ብቻውን ቶሎ ስለሚተን ቀለሙ ገና ሳይዘረጋ ይደርቃል፤ ቀዝቅዞም የአየሩን እርጥበት ስቦ ፊቱ ይነጣል። ቀስ ብሎ የሚተን፣ ቀለሙን እንደ ልብ የሚያዘረጋ አሟሚ ያስፈልጋል። ከቡታኖል የሚሠራው ቡቲል አሲቴት በትክክል ያ ነበር።

ጄኔራል ሞተርስ ለ1924 የኦክላንድ መኪኖቹን በሰማያዊ ዱኮ ቀብቶ አወጣ። እስከዚያ ድረስ የአንድ መኪና ቀለም ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ ተፈግፍጎ እስኪያልቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበር፤ ፋብሪካዎች በመድረቅ ላይ ያሉ መኪኖችን የሚያቆሙበት ጣሪያ ሲሠሩ ይኖሩ ነበር። ፎርድ ለዓመታት ሞዴል ቲ የተባለውን መኪናውን በጥቁር ብቻ ሲሸጥ የነበረበት አንዱ ምክንያትም ይኸው የመድረቅ ጉዳይ ነው ይባላል። ዱኮ ሳምንቱን ወደ ሰዓታት አወረደው፤ ቀለሙም እንደ ልብ ተመረጠ። መኪና የሚቀባ ባቲላሜራ ቤት ሁሉ፣ የትም አገር ይሁን፣ በስፕሬይ የሚረጨው ቶሎ የሚደርቅ ቀለምና ቲነር የመጣው ከዚህ ዘመን ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ የጥፍር ቀለምም ከዚሁ ጥጥና ከእነዚሁ አሟሚዎች ተሠርቶ ገበያ ወጣ።

በአንድ ጊዜ ቦታው ተገለበጠ፤ ቡታኖል ጌታ፣ አሴቶን ተከታይ ሆኑ። ኮሜርሻል ሶልቬንትስ በኢሊኖይ ፒዮሪያ አዲስ ፋብሪካ ከፈተ። እያንዳንዳቸው 50,000 ጋሎን የሚይዙ 32 ጋኖች ነበሩት፤ በ1927 ጋኖቹ 96 ደረሱ። መንገዱ ግን ሁሌ አልተመቸም። በ1923 ጥመቃው ምክንያቱ ሳይታወቅ ይቀዘቅዝ ጀመር፤ ለአንድ ዓመት ያህል የሚገኘው ምርት በግማሽ ወረደ። ኋላ ላይ እንደታወቀው ባክቴሪያውን ራሱን የሚያጠቃ ቫይረስ ገብቶበት ነበር። ሠራተኞቹ መከላከያ ያደረጉት በሽታውን የሚቋቋም ሌላ ዝርያ መርጦ በመዝራት ነው። ይህ ሁሉ የንጽሕናና የጥመቃ ልምድ ባክኖ አልቀረም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፔኒሲሊንን በትላልቅ ጋኖች ማምረት ሲያስፈልግ ኮሜርሻል ሶልቬንትስ ከአምራቾቹ አንዱ ሆነ።

በዚህ መሐል ነዳጅ መጣ። በ1920 ስታንዳርድ ኦይል በኒው ጀርሲ ማጣሪያው ከሚባክን ጋዝ አይሶፕሮፓኖል የሚባል አልኮል አወጣ። ይህን አልኮል በጋለ ብረት ላይ አሳልፎ ሃይድሮጅኑን መንጠቅ አሴቶን ይሰጣል። ይህ መንገድ ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል፤ እዚህ አሴቶን ለራሱ ተፈልጎ ተሠራ። ከፊልሙ ጀምሮ እስከ አሲቴት ሐር ልብስ ድረስ በአሴቶን የሚሟሙ ዕቃዎች እየበዙ ስለነበር ፈላጊ አላጣም። የጥመቃው አሴቶን መሸነፉ በቁጥር ይታያል፤ በ1945 በአሜሪካ ከሚመረተው ቡታኖል ሁለት ሦስተኛው ገና ከጥመቃ ሲመጣ፣ ከአሴቶኑ ግን አንድ አሥረኛው ብቻ ነበር። ጋኖቹ ከበቆሎ ወደ ርካሹ የስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ ቢዞሩም ሞላሰሱም ለከብት መኖ ሲፈለግ ዋጋው ወጣ፤ ከ1950ዎቹ በኋላ በምዕራቡ ዓለም ፋብሪካዎቹ ተራ በተራ ተዘጉ።

ረጅም ዕድሜ ካገኙት የጥመቃ ፋብሪካዎች አንዱ አፍሪካ ውስጥ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ጀርሚስተን የነበረው ፋብሪካ በአገሩ ሞላሰስና በርካሽ ከሰል እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ሠርቷል። በዘር መድሎ ምክንያት ዓለም ፊቷን ያዞረችበት መንግሥት ከውጭ በሚመጣ ነዳጅ ላይ ላለመንጠልጠል ይጥር ስለነበር ርካሽነቱ ብቻ አልነበረም ያቆየው። የኢትዮጵያ ስኳር ፋብሪካዎችም ሞላሰስ ያወጣሉ፤ በፊንጫና በመተሐራ ወደ ኢታኖል ይለወጣል፤ ያ ግን የእርሾ ሥራ ነው፣ አሴቶን አይሰጥም።

ዛሬ ገበያውን የያዘው ዘዴ መነሻው እስር ቤት ነው። በስታሊን ዘመን የታሰሩ ሳይንቲስቶች በእስር ቤት ላቦራቶሪ ለመንግሥት እንዲሠሩ ይደረግ ነበር። ከእነሱ መካከል የነበሩት ላትቪያዊው ሩዶልፍ ኡድሪስና ፒዮትር ሰርጌየቭ፣ ቤንዝን የሚባለው ኬሚካልና ፕሮፒሊን ተዋህደው የሚሰጡት ኩሚን የሚባል ፈሳሽ በአየር ሲታከምና በአሲድ ሲሰበር ሁለት ጠቃሚ ነገር እንደሚሆን ደረሱበት፤ ፌኖልና አሴቶን። በጀርመን ሃይንሪሽ ሆክና ሾን ላንግ ይህንኑ በ1944 አሳተሙ። የመጀመሪያው ፋብሪካ በ1949 በሶቪየቷ ድዘርዢንስክ ከተማ ሥራ ጀመረ፤ ኡድሪስ የሞተው በዚያው ዓመት ነው። ምዕራባውያን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሞንትሪያል ላይ ተከተሉ። በዚህ ዘዴ አንድ ቶን ፌኖል ሲወጣ 0.6 ቶን ያህል አሴቶን አብሮ ይወጣል፤ ይህን መጠን መቀየር አይቻልም።

የዛሬው ገበያ ችግር ሁሉ ከዚያች 0.6 ላይ ይመነጫል። ፌኖል ለፖሊካርቦኔት ፕላስቲክ፣ ለእንጨት ሙጫ፣ ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይፈለጋል። ፖሊካርቦኔት በሚሠራበት መንገድ ከሁለት ሞለኪውል ፌኖል ጋር አንድ ሞለኪውል አሴቶን ይገባል፤ የተረፈው አሴቶን ግን ራሱን ችሎ ገዥ መፈለግ አለበት። ከጠቅላላው አሴቶን ሲሶ ያህሉ በአሟሚነት ይሸጣል፤ ሩብ ያህሉ እንደ መስተዋት የጠራ አክሪሊክ ፕላስቲክ ለመሥራት ይሄዳል። ከዚህ በተጨማሪ በ1988ቱ የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ስምምነት ከኮኬይን ማጣሪያ ጋር በተያያዘ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ኬሚካሎች መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ በርሜል ሙሉ አሴቶን ከአገር አገር ሲሻገር የሚጠየቀው ወረቀት ብዙ ነው።

ፌኖል ሲሞቅ አሴቶን ይትረፈረፋል፤ የተትረፈረፈውም ወደ ሌላ አገር በርካሽ ይፈስሳል። የአሜሪካ አምራቾች በዚህ ተማርረው በ2019 ለመንግሥታቸው አቤት አሉ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ ከሲንጋፖር፣ ከስፔን፣ ከቤልጅየም፣ ከደቡብ ኮሪያና ከደቡብ አፍሪካ በሚገባ አሴቶን ላይ ተጨማሪ ቀረጥ ተጣለ። የቀረጡ ቀለም ሳይደርቅ ኮሮና ገባ። መኪና ፋብሪካዎች ሲዘጉ ፌኖል ፈላጊ ቀነሰ፤ የፌኖል ፋብሪካዎች ሥራ ሲያቀዘቅዙ አሴቶንም አብሮ አነሰ። በተቃራኒው የእጅ ማጽጃ ፈላጊ በዛ፤ ለእጅ ማጽጃ የሚሆነው አይሶፕሮፓኖል ደግሞ ከአሴቶን ሃይድሮጅን ጨምሮ ሊሠራ ይችላል፤ የ1920ዎቹ ዘዴ ወደ ኋላ ተገልብጦ ማለት ነው። በየባንኩና በየሱቁ በገዥና በሻጭ መካከል የቆመው ግልጽ ፕላስቲክም አሴቶን ይበላል። ከጥቂት ወራት በፊት በርካሽ ገባብን ተብሎ የተከሰሰው ፈሳሽ ዋጋው ወጣ፤ የፌኖል አምራቾችም ለአንድ ሰሞን ስለ አሴቶን መጠየቅ ጀመሩ።